እርቦውን ከፍለናል

በመሐል ሜዳ የደም ንባብ ጣቢያ ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሰው ግን ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ይሰለፋል። የመንዝ ብርድ ቀልድ አያውቅምና ሁሉም ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ የግራ እጁን ብቻ አውጥቶ ይቆማል። የግራ እጅ የሚወጣው ለክሩ ነው። ጥበቃው አንጓ ላይ የታሰረውን ክር እያየ ነጩን በቀኝ፣ አመድማውን በግራ ያሰልፋል። የነጮቹ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። የአመድማዎቹ ሰልፍ ግን ታጥፎ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል፤ ወሬም፣ ሳልም፣ ሣቅም ያለው እዚያ ነው።

አቶ ንጋቱ መስኮት አራት ላይ ከተቀመጡ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሥራቸው ክር ማሰር ነው። ድሮ ያስረዱም ነበር፤ አሁን የሚያስረዳው ሳጥኑ ነው። ባልና ሚስት መስኮቱ ሥር ሲቆሙ ሳጥኑ ክራቸውን አይቶ ይጀምራል።

«እንደምን አደራችሁ? ቀረብ በሉ፣ አትፍሩ። ሁለታችሁም አመድማ ናችሁ። እናንተ ሕመም የለባችሁም፤ ሕመሙን ግን በደማችሁ ደብቃችሁ ይዛችኋል። እናትም አባትም ካላቸው ሁለት ሁለት የደም ዘር ለልጃቸው አንዳንድ ይሰጣሉ። ሁለታችሁም ደጉን ብትሰጡ ልጁ ነጭ ነው። አንዳችሁ ደጉን፣ አንዳችሁ ክፉውን ብትሰጡ እንደ እናንተ አመድማ ነው። ሁለታችሁም ክፉውን ብትሰጡ ልጁ ይዝላል። ይህ የሚሆነው ከአራት አንዴ ነው። እንደ እርቦ አራሽ አስቡት። አራት ቁና ቢገኝ አንዱ የባለ መሬቱ ነው፤ ሦስቱ የእናንተ ነው። አይክፋችሁ።»

ድምፁ የአቶ ንጋቱ ነው። ከሳጥኑ ጀርባ አፋቸውን ገጥመው ተቀምጠው በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ ራሳቸውን ይሰማሉ። መጀመሪያ ሰሞን ያፍሩ ነበር። በኋላ ለመዱት፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማስረዳት የሠራተኛው ሥራ ሳለ፣ ሰው በመቶኛ ሲነገረው ፊቱ ድንጋይ ይሆን ነበር። «ሃያ አምስት በመቶ» ይባላል፤ ገበሬው ይነቀንቃል፤ ወጥቶ ጥበቃውን «ልጄ ይሞታል ነው ያሉኝ ወይስ አይሞትም?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እንዲያ ግራ ገብቷቸው ሲያለቅሱ፣ አቶ ንጋቱ አንጀታቸው አልችል ቢል «አባቴ፣ እርቦ ያውቃሉ?» አሏቸው። አባታቸው የሰው መሬት በእርቦ ሲያርሱ ኖረው የሞቱ ናቸውና ቃሉ አፋቸው ላይ ነበረ። ሽማግሌው ሣቁ። «አሁን ገባኝ!» ብለው ግንባራቸውን ስመዋቸው ሄዱ። ኃላፊዋ ይህን ሰማች፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፈች፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ድምፃቸውን ቀዱ። የምስክር ወረቀትና የሱፍ ኮት ተሰጣቸው። በስድስት ወር ውስጥ ሳጥኑ በአገሩ ጣቢያ ሁሉ ተተከለ። ሠራተኞችም እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ ሰው ሲናገር ይለያያል፣ ሳጥን ግን አይለያይም ተባለ።

ሰውም ሳጥኑን ወደደው። ያ የጭንቅ ፊት ሲፈታ፣ ባል ወደ ሚስቱ ዞሮ «ሰማሽ? ሦስቱ የኛ ነው» ሲል ማየት ደስ ያሰኛል። አቶ ንጋቱም ደስ ይላቸው ነበር፤ እስከ አምናው የጥቅምት ወር ድረስ።

በዚያ ወር አንድ ጎልማሳና ሚስቱ ክራቸውን ሊያሳድሱ መጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸው ንባቡ ከፍቶ ወደ ማቆያ ሄዷል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ትነበባለች፤ ቄሱም ክር ያላሰረ ሕፃን አያጠምቁም። ዝለቱ፣ ያ ጡንቻ የሚያዝለው ሕመም፣ ያለበት ሕፃን ክር አይሰጠውም፤ ቆላ ወዳለው ማቆያ ይወሰዳል፤ ወላጅ ተከትሎ አይሄድም። ሁለት አመድማዎች ደግሞ አንድ ዕድል ብቻ አላቸው። ያ ከከሸፈ ጋብቻቸው ይቆያል እንጂ ዳግመኛ አይወልዱም። ሰውየው ይህን ሁሉ ያውቃል። ሳጥኑ ጨርሶ ዝም ሲል ግን ወደ ሚስቱ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ «አይዞሽ፣ እርቦውንማ ከፍለናል። ከእንግዲህ የሚመጣው የኛ ነው» አላት። ሴትዮዋ ፈገግ አለች።

የአቶ ንጋቱ እጅ ክሩ ላይ ቀረ። አፋቸውን ከፈቱ። ከባልና ሚስቱ ኋላ ሃምሳ ያህል ሰው ቆሟል፤ ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ሆዳቸው ባዶ ነው፤ መናገርም ክልክል ነው። አፋቸውን መልሰው ገጠሙ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያን ሰሞን ደብዳቤ ጻፉ፤ ገለጻው ሰውን እያሳሳተ ነውና ሳጥኑ ይታረም አሉ። በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። የተገልጋይ እርካታ ከሳጥኑ በኋላ እጅግ መጨመሩ፣ ገለጻውም ከመመሪያው ጋር የሚጣጣም መሆኑ ተጠቅሶ፣ ላሳዩት ተቆርቋሪነት ምስጋና ቀረበላቸው። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሁለተኛ አልጻፉም። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ቀርቶት ነበርና ዝም አሉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የሚያምር ምክንያት የለውም።

ስንዱ የመጣችው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው። ስንዱ የአቶ ንጋቱ አንድያ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት አልፏታል። ማማ ምድር የውኃ መሳቢያ የሚጠግን ማንደፍሮ የሚባል ልጅ አግብታ እዚያው ትኖራለች። ማንደፍሮ አመድማ ነው፤ እሷም አመድማ ናት። እናቷ ነጭ ስለነበረች ስንዱ አመድማነቱን ያገኘችው ከአባቷ ብቻ ነው። ሊደርሳት ወይም ሊያመልጣት እኩል ዕድል ነበራት፤ አላመለጣትም። አቶ ንጋቱ የራሳቸውን አንጓ ባዩ ቁጥር ይህ ትዝ ይላቸዋል።

የመጀመሪያ ልጇ ወለላ ትባል ነበር። በሰማንያ ቀኗ መስኮት ሁለት ላይ ተነበበች። ዘመድ ዘመዱን ማንበብም ማናገርም ስለማይችል አቶ ንጋቱ በዚያ ቀን መስኮት አራት ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ የማንበቢያውን ደወል ብቻ ሰሙ። ወለላ ማቆያ በገባች በአሥረኛው ወር «አርፋለች» የሚል አጭር መልእክት በስልክ መጣ። ከዚያ ወዲህ ስንዱ እግሯ አጠረ። አምስት ወር ሙሉ ሳትመጣ ስትቀር አባቷ ተቀይማኛለች ብለው ነበር።

አሁን በሩ ላይ ቆማለች፤ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያበራል። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጥቧል። አቶ ንጋቱ አዩና ዓይናቸውን መለሱ።

«ግቢ እንጂ ልጄ። ማንደፍሮስ?»

«ከውጭ ቆሟል፣ አባባ።»

«ምነው ከውጭ? ባዳ ነው እንዴ? ጥሪው!»

«መጀመሪያ እኔ ልንገርህ ብዬ ነው» አለች። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰበሰበች። «ወልጃለሁ። ወንድ ነው። ማክሰኞ አርባ ቀኑ ነው።»

አቶ ንጋቱ ዱካው ላይ ቁጭ አሉ።

«የት ነው ያለው?»

«እትዬ አጸደ ቤት። ሸጥንላት።»

እትዬ አጸደ ከአቶ ንጋቱ ሁለት አጥር አልፈው የሚኖሩ፣ የስንዱ እናት የልብ ወዳጅ የነበሩ ሴት ናቸው። ለዘመድ ለቅሶ ማማ ምድር እሄዳለሁ ብለው የጠፉት ለካስ ለማዋለድ ኖሯል። ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ስንዱ ደጃፉ ላይ አስተኝታው ገባች። እትዬ አጸደ መንገደኛ መስለው መጡና «ይህን የማይረባ ልጅ ሽጪልኝ» አሉ። ስንዱም «ውሰጂው፣ ለእኔ አልሆነኝም» ብላ አንድ እፍኝ ገብስ ተቀብላ ሸጠችው። ሾተላይ ልጅ በሚፈጅበት ቤት ድሮ እንዲህ ይደረግ ነበር፤ ሞት ሲመጣ የሻጯን ልጅ ፈልጎ እንዲያጣው። ስሙንም ጣለው አሉት፤ እዚያው ስንዱ ስታጠባው ቆይታ ትናንት ማታ ወደ እትዬ አጸደ ቤት አመጡት። ሰው ሲያስገርም ይኖራል፤ ሕፃን በማሽን በሚነበብበት ዘመን ላይ ቆሞ ሞትን በእፍኝ ገብስ ያታልላል።

ግን ሽያጩ ለሞት ብቻ አልነበረም፤ ለጣቢያውም ነበረ። ልጅ በጠፋበት በዚህ ዘመን፣ ደጃፍ ላይ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ንባቡ ደኅና ከሆነ ማን ወለደው ተብሎ አይጠየቅም፤ ባገኘው ሰው ስም ክር ይታሰርለታል። ንባቡ ከከፋ ግን ደሙ ወላጆቹን ያወጣቸዋል። ያኔ ልጁ ወደ ማቆያ፣ ጋብቻውም ይፈርሳል፤ ባልም ሚስትም ለየብቻ ነጭ ክር ካለው ሰው ጋር ይመደባሉ።

«ማክሰኞ እትዬ አጸደ ታመጣዋለች» አለች ስንዱ። «እሷ አሮጊት ናት፣ ትደናገጣለች። ወደ አንተ መስኮት ብትላክ ብዬ ነው። ክሩን አንተ ብታስርለት ደስ ይለኛል።»

«ስንዱዬ፣ ማንደፍሮም አመድማ፣ አንቺም አመድማ...»

«አውቃለሁ አባባ። ከአራት አንድ። አንዷ ወለላ ናት። እርቦውን ከፍለናል እኮ።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ግር ብሏት አየቻቸው። «አንተ ነሃ! ወለላን በተቀበሉን ቀን፣ መስኮት ሁለት ላይ። እግሬ አልቆም ብሎኝ ግድግዳ ይዤ ሳለ ድምፅህን ሰማሁ። አይክፋችሁ፣ ሦስቱ የእናንተ ነው አልከኝ። እሱን ይዤ ነው እስከ ዛሬ የቆምኩት።»

አቶ ንጋቱ ያኔውኑ ሊነግሯት ይችሉ ነበር። አልነገሯትም። ምክንያቱም እሳቸውም ተስፋ አደረጉ። ከአራት ሦስቱ ደኅና ነው፤ ቁጥሩን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ልጁ ደኅና ከሆነ ደግሞ ስሕተቷ ማንንም ሳይጎዳ ያልፋል፣ እሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ያልፋሉ። «ማክሰኞ ከመድረሱ በፊት ነገ በምሳ ሰዓት እኔው በስውር አነብበዋለሁ» አሏት። «ለማንኛውም ነው።»

ስንዱ ሣቀችባቸው። «የራስህን ቃል ታጣራለህ?»

ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባታቸው በፊት እትዬ አጸደ ቤት ጎራ አሉ። ልጁ የስንዱ እናት ግንባር አለው። ጣታቸውን ሲሰጡት ያዘ፤ ያዘ ማለት ግን ዳሰሰ ነው። እግሮቹ ለየቅል ተዘርግተው፣ እንደ ረጠበ ልብስ ፍራሹ ላይ ተኝተዋል። ተረከዙን በመርፌ ወጋ አድርገው ሦስት የጥጥ ጉንጉን ደሙ ውስጥ ነከሩ። አለቀሰ፤ ልቅሶው ቀጭን ነበረ።

«ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ አይወራጭም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል» አሉ እትዬ አጸደ በኩራት። አቶ ንጋቱ ጥጦቹን በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

በስድስት ሰዓት ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ማንበቢያው ክፍል ገቡ። ማንበቢያው ለነጭ ባዶ ያሳያል፤ ለአመድማ አንድ ጥቁር ነጥብ፤ ለዝለቱ ሁለት። የመጀመሪያው ጥጥ ሁለት ነጥብ አወጣ። ማሽኑ አልሞቀም ይሆናል አሉ። ሁለተኛው ጥጥ ሁለት ነጥብ አወጣ። ሦስተኛውን ከመክተታቸው በፊት፣ በልጅነታቸው ከተማሩት ሁሉ የቀረቻቸውን አንዲት ጸሎት አደረሱ። ሁለት ነጥብ። አንዱ ከማንደፍሮ፣ አንዱ ከስንዱ። የስንዱ የተባለው ከእሳቸው የመጣው ነው። ነጥቡን በጣታቸው ነክተው አዩት። ከዚያ ጥጡን አቃጥለው ወጥተው ከሰዓት በኋላውን ክር ሲያስሩ ዋሉ፤ ሳጥኑም ሲናገር ዋለ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እትዬ አጸደ ቤት ሦስቱም ይጠብቋቸው ነበር። ማንደፍሮ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ግራሶ የማይጠፋ ልጅ ነው። ሲገቡ ከመቀመጫው ተነሣ። ስንዱ ልጁን እያጠባች ነበር። ፊታቸውን አየችና ልጁን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው።

«ሁለት ነጥብ ነው» አሉ።

«ደግመው ያንብቡት» አለ ማንደፍሮ።

«ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ልጄ።»

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነዋ! ማሽን አይበላሽም? እኔ ስጠግን አይደል የምውለው?»

«አልተበላሸም።»

«ተዉ እንጂ ጋሽ ንጋቱ» አሉ እትዬ አጸደ። «ይሄ ልጅ የኔ ነው፤ ገዝቼዋለሁ። የሷ እርቦ በሷ ቤት ይቀራል፤ እኔ ቤት ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

አቶ ንጋቱ ቁጭ አሉ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ሳጥኑን ያህል አማርኛ ከአፋቸው እንዲወጣ እየለመኑ፣ ማስረዳት ጀመሩ። «እርቦ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እቁብ ታውቁ የለ? በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ስሙ ሁለተኛ አይገባም፤ ስለዚህ የቀረው ሰው ተራው እየቀረበ ይሄዳል። ደም ግን እንደዚያ አይደለም። ደም ላይ አራቱም ዕጣ በየወሊዱ ተመልሶ ይገባል። አንዴ የወጣው ክፉ ዕጣ ለሚቀጥለው ምንም አያደርግለትም። ለጣለውም እንደ ወለላ ከአራት አንድ ነበር። ለሚቀጥለውም ቢወለድ ከአራት አንድ ነው። ማንም አስቀድሞ አይከፍልም።»

ልጁ ጡቱን ለቀቀ፤ ለመጥባት እንኳ አቅሙ ቶሎ ያልቃል።

«ታዲያ ወለላ ለምን ሄደች?» አለች ስንዱ።

«እንዴት?»

«ለምን ሄደች ነው የምልህ? እኔ ለወንድሞቿ ሄደችላቸው ብዬ ነበር። እሷ ስለ ሄደች እነሱ ይኖራሉ ብዬ ነበር የተኛሁት፤ ሁለት ዓመት። ለማንም ካልሆነ ለምን ሄደች?»

ለዚህ ጥያቄ ማንም መልስ የለውም፤ ሳጥኑን ሰው የወደደው ለዚህ ይመስላል።

«ይህን እቁቡን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለች።

«ሁልጊዜም አውቃለሁ። ሰው እንደሚሳሳት ግን... ካወቅኩ ዓመት አልፎኛል።»

ስንዱ በጣቷ ቆጠረች። ቀስ ብላ ነው የቆጠረችው። «ያኔ ጣለውን ገና አልፀነስኩም ነበር» አለች። «ለምን አልተናገርክም?»

ብዙ ሊባል ይችል ነበር። መመሪያው፣ ደብዳቤው፣ ጡረታው። ከአፋቸው የወጣው ግን ያው እውነቱ ሆነ። «ወረፋው ረጅም ነበር።»

ማንደፍሮ ወጥቶ አጥሩ ሥር ቆመ። ጀርባው በበሩ ይታያል።

ከዚያ የቀረው ምርጫ ነበር፤ ምርጫ ከተባለ። ልጁን ይዘው ማማ ምድር ቢመለሱ ክር የለውምና ክሊኒክ አይገባም። ወደ ስድስተኛው ወር ገደማ አንገቱ መቆም ያቅተዋል፤ ከዚያ መዋጥ፤ ከዚያ መተንፈስ። እቤት፣ እናቱ እጅ ላይ። ማቆያ ደግሞ የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው። ዓመት፣ አንዳንዴ ሁለት ዓመት ያቆያሉ። እናት ግን የለም፤ ጋብቻውም አይኖርም። አቶ ንጋቱ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ሳጥኑን እንዳይመስል ቢታገሉም አልሆነላቸውም።

ስንዱ ተነሣችና ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈታች። ያ አንድ እፍኝ ገብስ ነው። አልቆላችውም፣ አልፈጨችውም፤ ሠላሳ ስድስት ቀን ቋጥራው ኖራለች። ወደ እትዬ አጸደ ዘረጋችው።

«ውሰጂ፣ እትዬ። ልጄን መልሺልኝ።»

«አልሸጥም!» አሉ እትዬ አጸደ። «እኔ ምን በወጣኝ? የገዛሁትን አልሸጥም!»

«ነገ ደሙ ሲነበብ ስምሽ አብሮ እንዳይጠራ ነው። አንቺስ ምን በወጣሽ? እኔው እወስደዋለሁ። እዚያ ትንፋሽ ይሰጡታል ብሏል አባባ።»

እትዬ አጸደ ገብሱን እያለቀሱ ተቀበሉ። አንዷ ፍሬ መሬት ወደቀች፤ ሦስቱም ጎንበስ ብለው ፈለጓት።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስንዱ ልጁን በአንቀልባ አዝላ በአመድማዎቹ ሰልፍ ቆመች። ማንደፍሮ አጠገቧ ነበረ፤ እጇን ይዟል። ሰው «ማርያም ታሳድገው» ይላታል፤ «አሜን» ትላለች። በሦስት ሰዓት ተኩል መስኮት አራት ሥር ደረሱ። አቶ ንጋቱ ቀና አሉ። መስኮቱ ዘመድነታቸውን አውቆ ቀይ በራና «ወደ መስኮት ሁለት ይሂዱ» አለ። የእሳቸው ድምፅ አልነበረም፤ ያንን ሌላ ሰው ነው የቀዳው።

የመስኮት ሁለት ደወል ሲጮኽ አቶ ንጋቱ በዚህኛው ጊዜ አንገታቸውን አዞሩ። ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት አንቀልባውን ስትፈታ አዩ። ማንደፍሮን አንዱ ሠራተኛ ክንዱን ይዞ በሌላ በር፣ ለብቻው፣ ሲያወጣው አዩ። ከዚያ እጃቸው ላይ የነበረውን ክር አስቀመጡና ተነሥተው ወደ ውጭ፣ ወደ ሰልፉ ወጡ።

«ስሙኝ!» አሉ። «እርቦ አይደለም! የተከፈለ ነገር የለም! የአንድ ልጅ ሞት የሚቀጥለውን አያድነውም! ሁልጊዜ ከአዲስ ነው የሚጀመረው!»

ሰልፉ ፀጥ አለ። አንድ ወጣት ባል፣ እርጉዝ ሚስቱን ወደ ኋላው ከልሎ «ምን ሆነው ነው አባቴ? ሚስቴን አያስደንግጡብኝ!» አለ።

«ሳጥኑ ያለው ስሕተት ነው። ድምፁ የኔ ነው። እኔ ነኝ የተናገርኩት!»

ባና የተከናነቡ አንዲት እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድምፅዎስ በእውነት ይመስላል» አሉ። «ሳጥኑ ግን እንዲህ አላለም። አይዞሽ ልጄ፣ አትስሚያቸው። ልጅ ሞቶባቸው ይሆናል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ተስፋ የያዘ ሰውም አይለቅም፤ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ጥበቃው መጥቶ ክንዳቸውን በአክብሮት ያዘ። «ጋሽ ንጋቱ፣ ምነው? ወረፋው ተስተጓጎለ እኮ። ትንሽ አረፍ ይበሉ» እያለ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጥግ አስቀመጣቸው። ሰልፉ ተጠጋግቶ ክፍተቱን ዘጋ። ወጣቱ ባል ለሚስቱ ጣቶቹን እያሳየ የሆነ ነገር ይነግራታል፤ አንዱን ጣት አጠፈ፤ ሦስቱ ቀሩ። ሚስቱ ሣቀች።

ስንዱ በአራት ሰዓት ወጣች። ባዶውን አንቀልባ ጀርባዋ ላይ አዝላለች፤ ማውለቅ ረስታዋለች። ግራና ቀኝ ማንደፍሮን ፈለገች፤ በሌላኛው በር ወስደውታልና አላየችውም። ግድግዳው ሥር አባቷን ስታይ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ደረቷ ላይ ነጠላዋ እንደገና እየረጠበ ነው።

አቶ ንጋቱ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«ተው አባባ» አለቻቸው። «ሳጥኑ ዛሬም ያንኑ ነገረኝ። ልጁን ከእጄ እየወሰዱት፣ አይክፋችሁ፣ ሦስቱ የእናንተ ነው አለኝ።» በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። «አንተ ትናንት ሁሉን ነግረኸኛል። ተረድቼዋለሁም። ግን ድምፅህን ስሰማ፣ ለአንዲት አፍታ፣ አመንኩህ።»